መኪና እያባረረ ከግቢ የሚጠፋ ውሻ፤ ምን ይሻለኛል?

የገራዶ መንገድ (ደሴ)፦

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የምኖረው ደሴ፣ ወደ ገራዶ በሚወርደው መንገድ ዳር ነው። የግቢያችን የቆርቆሮ በር በቀጥታ ወደ መንገዱ የሚከፈት ሲሆን፣ ቦታው ቁልቁለት በመሆኑ ከላይ የሚመጣ ተሽከርካሪ ሁሉ በፍጥነት ያልፋል። መከታ የሚባል፣ ሁለት ዓመት ገደማ የሆነው የአገር ውሻ አለን። ሌሊት ጅብ ወደ በጎቹ ጋጣ እንዳይጠጋ ሲጠብቅ የሚያድር፣ ልጆቼ ጆሮውን ቢጎትቱት እንኳ የማያጉረመርም ውሻ ስለሆነ ቤተሰቡ ሁሉ ይወደዋል። ሆኖም በሩ በተከፈተ ቁጥር በእግራችን መካከል ሾልኮ ይወጣና ያገኘውን ባጃጅ፣ ሞተር ሳይክል ወይም ሚኒባስ እየጮኸ እስከ መታጠፊያው ድረስ ያባርራል። አንዳንድ ቀን ከዚያው ይመለሳል፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ቁልቁል ወርዶ እስከ ማታ የት እንደዋለ አይታወቅም።

ባለፈው ሐሙስ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ልጄን ወደ ትምህርት ቤት ለመሸኘት በሩን ስከፍት አመለጠኝ። ከላይ ባጃጅ እየመጣች ነበር። ውሻው ወደ ፊተኛው ጎማ ሲወረወር ሾፌሩ መሪውን ጠመዘዘ፤ ባጃጇም አንድ የኋላ ጎማዋ ቦይ ውስጥ ገብቶ ተንጋዳ ቆመች። ከኋላ የተቀመጡት እናት ወደ ገበያ የሚወስዱት እንቁላል ከነጭዱ ከቅርጫቱ ተገልብጦ፣ አስኳሉ በነጠላቸው ጫፍ ላይ ሲወርድ አየሁ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰው አልተጎዳም። የእንቁላሉን ዋጋ ከፈልኩ፣ ሾፌሩንም ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ነገር ግን ከዚያ ቀን ወዲህ በሩ ሲንኳኳ ልቤ ይመታል።

እስካሁን ያልሞከርኩት ነገር የለም ለማለት እችላለሁ። ሲመለስ በአርጩሜ መትቼዋለሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ በሰንሰለት አስሬው ነበር፤ በተፈታ ዕለት ከቀድሞው ብሶ ወጣ። አንድ ጎረቤቴ እስከ ጉልበቱ የሚደርስ እንጨት አንገቱ ላይ አንጠልጥልለት ይለኛል፤ ሌላው ደግሞ አንድ ጊዜ መኪና ገጨት ካደረገው ራሱ ይተወዋል ባይ ነው። ለሌላ ሰው መስጠቱንም አስቤው ነበር፤ ይሁን እንጂ ችግሩን ወደ ሌላ ሰው በር ማዛወር ሆኖ ስለተሰማኝ ተውኩት። ልምድ ያላችሁ ብትመክሩኝ ምስጋናዬ ከልብ ነው።

ሰኞ ገበያ፦

ወንድሜ፣ አብሽር፤ ይህ የእርስዎ ውሻ ብቻ ጠባይ አይደለም። እኔም ከዓመታት በፊት አይሱዙ የሚያባርር ውሻ ነበረኝ፤ ስለዚህ ከምክሩ በፊት አንድ ጥያቄ ላንሳ። ሲመለስ እመታዋለሁ ብለዋል፤ ለመሆኑ ውሻው የተመታው ለምን ይመስለዋል?

መኪናውን ሲያባርር የነበረው ከአምስት ደቂቃ በፊት ነው። በእርሱ ዓይን ያ ነገር አልፏል። አሁን እያደረገ ያለው ነገር ጭራውን ዝቅ አድርጎ ወደ ጌታው መምጣት ብቻ ስለሆነ፣ አርጩሜውን የሚያያይዘው ከመምጣቱ ጋር ነው። እኔ ይህን የተረዳሁት ውሻዬ መንገዱን ተሻግሮ ቆሞ፣ ስጠራው ቀረብ ይልና እጄን እያየ መልሶ ይሸሽ በጀመረ ጊዜ ነበር። እስከ ማታ ጠፍቶ ይውላል ያሉት ነገርም ከዚሁ የመጣ ይመስለኛል፤ ቤት ሲገባ ምን እንደሚጠብቀው ያውቃልና።

ሁለተኛው ነገር ስሙ ነው። ባመለጠ ቁጥር ቤተሰቡ በሙሉ «መከታ! መከታ!» እያለ ከኋላው የሚሮጥ ከሆነ፣ ውሻው አብራችሁት የምታባርሩ ነው የሚመስለው። የሰፈር ልጆች «ያዝ! ያዝ!» እያሉ የሚያጫውቱት ከሆነማ ጭራሽ የተፈቀደለት ሥራ ሆኗል ማለት ነው። ልጆቹን በቅድሚያ አስተዉ። ለመጥሪያም ስሙን ትታችሁ ከዚህ በፊት ሰምቶት የማያውቀውን ፉጨት ወይም ሌላ ቃል ተጠቀሙ፤ ስሙ በጩኸት ብዛት ዋጋ አጥቷል።

የእንስሳት ጤና ባለሙያ፣ ደቡብ ወሎ፦

ከላይ የተሰጠው ምክር ትክክል ነው። እኔ ደግሞ ውሻው ይህን ለምን እንደሚያደርግ በጥቂቱ ላስረዳ፤ ምክንያቱ ካልታወቀ መፍትሔው በግምት ይሆናል።

ውሻ አዳኝ ከነበሩት ቅድመ አያቶቹ የወረሰው የተያያዘ የባሕርይ ሰንሰለት አለው፤ ማየት፣ ማድባት፣ ማባረር፣ መያዝ እያለ ይቀጥላል። የሚንቀሳቀስና የሚሸሽ ነገር ሲያይ ይህ ባሕርይ ይቀሰቀሳል፤ ኳስም ይሁን በግ፣ ባጃጅም ይሁን ብስክሌት ለእርሱ ልዩነቱ ትንሽ ነው። በዚህ ላይ የእናንተ ውሻ የግቢ ጠባቂ ነው። ተሽከርካሪ ወደ በሩ ይመጣል፣ እርሱ ይጮኻል፣ ይሮጣል፣ ተሽከርካሪውም ይሄዳል። ሾፌሩ የሚሄደው ወደ ጉዳዩ መሆኑን ውሻው አያውቅም፤ ያባረርኩት እኔ ነኝ ይላል። በቀን አሥር ጊዜ ቢወጣ አሥር ጊዜ አሸንፎ ይገባል፤ አሥሩም ጊዜ ደመወዙን ተቀብሏል ማለት ነው። በአርጩሜ የማይተወውም ለዚህ ነው፤ ሩጫው ራሱ ከቅጣቱ ይልቅ ይጣፍጠዋል። በሰንሰለት ታስሮ መኪናውን በድምፅ ብቻ እየሰማ የሚውል ውሻ ደግሞ ጉልበቱንና ንዴቱን አጠራቅሞ ይቆያል፤ በተፈታ ዕለት የሆነውን እርስዎው አይተውታል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ድሉን ማስቀረት ነው። ከዛሬ ጀምሮ፣ ሥልጠናው እስኪያልቅ ድረስ፣ አንድም ጊዜ እንኳ ማምለጥ የለበትም። ስድስት ቀን ተይዞ በሰባተኛው ቀን ካመለጠ የስድስቱ ቀን ድካም ይቀልጣል፤ እንዲያውም አልፎ አልፎ የሚገኝ ደስታ ሁልጊዜ ከሚገኘው በላይ ልብ ውስጥ ይቀራል።

ሥልጠናውን ከግቢ ውስጥ ጀምሩ። የተቀቀለ ሳንባ ወይም ጉበት በአውራ ጣት ጥፍር መጠን ከትፋችሁ በኪስ ያዙ፤ ቅመምም ሆነ ሽንኩርት አይግባበት፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳሉ። አንዴ አፏጩ፤ ሲመጣ ወዲያው አጉርሱት። ይህን በቀን አሥር ጊዜ ያህል፣ ምንም የሚረብሽ ነገር በሌለበት ሰዓት አድርጉት። ፉጨቱን ሳትጨርሱ ወደ እናንተ መዞር ሲጀምር ከ10 ሜትር ያላነሰ ጠንካራ ገመድ አስራችሁ ወደ ውጭ ውጡ። ገመዱ ከአንገቱ ሳይሆን በደረቱና በትከሻው ዙሪያ ከሚታሰር ማሰሪያ ጋር ይያያዝ፤ በሙሉ ፍጥነት ሮጦ ገመዱ ሲያልቅበት አንገቱ ሊጎዳ ይችላል። ገመዱን በእጃችሁ ላይ አትጠምጥሙት፤ ጓንት አድርጉ።

አሁን የሥራው ልብ እዚህ ላይ ነው፤ ርቀት። መንገዱ ዳር ቆማችሁ አትጀምሩ። ተሽከርካሪው የሚታይበት፣ ነገር ግን ውሻው አሁንም ሥጋ የሚቀበልበትን ርቀት ፈልጉ፤ 40 እርምጃ ሊሆን ይችላል፣ 80 እርምጃም ሊሆን ይችላል። ሥጋው አፍንጫው ሥር ሆኖ አልበላ ካለ ወይም ጆሮውን አቁሞ፣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ደርቆ ከቀረ በጣም ቀርባችኋል፤ ወደ ኋላ ተመለሱ። ማፏጨት ያለባችሁ ደግሞ ሩጫ ከጀመረ በኋላ ሳይሆን መኪናውን አይቶ ገና ሳይነሳ ባለችው ቅጽበት ነው። አንዴ ከተፈናጠረ ጆሮው ለእናንተ አይሠራም። ርቀቱን የምትቀንሱት በሳምንት እንጂ በቀን አይደለም።

እንጨት ማንጠልጠሉን አልደግፈውም። እንጨቱ የፊት እግሮቹን እየመታ ያቆስለዋል፤ መንገድ መሀል ሲጠላለፍበት ደግሞ ከመኪና ለመሸሽ እንኳ አይችልም። መኪና ገጭቶት ይማራል የሚለውን ምክር ከሰጧችሁ ሰው ጋር አልከራከርም፤ በእጄ ካለፉት የተገጩ ውሾች አብዛኞቹ ለመማር ዕድል አላገኙም።

ማኮላሸትን በተመለከተ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ወንድ ውሻ ሴት ፍለጋ ርቆ የሚሄደውን ይቀንሳል፤ ስለዚህ እስከ ማታ መጥፋቱን ሊያግዝ ይችላል፤ መኪና ማባረርን ግን በራሱ አያስተውም። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን በየዓመቱ ማስከተብ ግን የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም። የሚያባርር ውሻ አንድ ቀን የሰው ባት መያዙ አይቀርም። ከነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያም ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባል። ከዚህ ቀደም መኪና አሳዶ የማያውቅ ውሻ በድንገት ከቤት እየጠፋ ያገኘውን ሁሉ መንከስ ከጀመረ፣ ድምፁ ከጎረነነ፣ ለሃጩም ከተዝረከረከ ግን ነገሩ የሥልጠና አይደለም፤ ሳትነኩት ዘግታችሁበት ባለሙያ ጥሩ።

ባጃጅ ነጂ፣ ኮምቦልቻ፦

ከሾፌሩ ወገን ሆኜ ጥቂት ልበል። ባጃጅ ከፊት ያላት ጎማ አንድ ብቻ ነው። በቁልቁለት መሪዋን በድንገት ስትጠመዝዟት የምትጋደመው በሰው ላይ ነው፤ እናም ውሻ ከፊት ሲገባብን ያለን ምርጫ ውሻውን መምታት ወይም ተሳፋሪውን መገልበጥ ነው። የእርስዎን ባጃጅ ቦዩ ባያስቆማት ኖሮ ታሪኩ ሌላ ይሆን ነበር።

በእኛ በኩል ከጂቡቲ በሚሌና በባቲ አድርገው የሚመጡ ተሳቢዎች ሌት ተቀን ያልፋሉ። እኔ በዓይኔ ያየሁት አንድ ውሻ ነበር፤ የፊተኛውን ጎማ በደንብ ያውቀዋል፣ ሁልጊዜም ከአንድ ክንድ ርቀት ላይ ሆኖ እየጮኸበት ይሮጣል። መኪናው ሲታጠፍ ግን ተሳቢው ከፊተኛው ጎማ ዱካ ወደ ውስጥ ቆርጦ እንደሚያልፍ አያውቅም ነበር። ዓይኑ ከፊት ነበረ፤ የደረሰበት ግን ከኋላ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ውሻ ሲያባርረኝ አልስቅም።

ያስተዋልኩት ሌላ ነገር አለ። ነዳጅ ስንሰጥ ይብሳል፤ እግራችንን አውጥተን ለመርገጥ ስንሞክርም ይብሳል። ቀስ ብዬ ስቆም ግን አብዛኛው ውሻ ግራ ተጋብቶ ይቆማል፣ አንዳንዱም ጎማዬን አሽትቶ ይመለሳል። የሚሸሽ ነገር ከሌለ የሚባረር ነገር የለማ! ስለዚህ የሰፈራችሁን ቋሚ ሾፌሮች አነጋግሯቸው፤ በእናንተ በር ሲደርሱ ቀስ እንዲሉ፣ ከተባረሩም እንዲቆሙ ለምኗቸው። ሾፌር ክፉ አይደለም፤ ሲነገረው ይሰማል። ሆን ብለው ክላክስ እየነፉ ውሻ የሚያናድዱ ጥቂቶች መኖራቸውን ግን አልክድም።

ሸዋ በር፦

ይህን ሁሉ አነበብኩ፤ ለአንድ ውሻ ጉበት ከትፎ በኪስ ይዞ መዞር ለእኔ አልተዋጠልኝም። ውሻ የሚጠብቀው ሌሊት ነው፤ ቀን ይታሰር፣ ማታ ይፈታ፤ አባቶቻችን እንዲህ ነው የያዙት። እኔ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል፤ እንስሳው በድንገት ከቁጥጥሩ ያመለጠ ቢሆን፣ ጉዳቱም አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል ቢሆን እንኳ። እርስዎ ደግሞ አስቀድመው ያውቁታል። ስለዚህ እንቁላሉን በመክፈልዎ ደግ ሰው ነዎት ማለት አይደለም፤ ዕዳዎን ነው የከፈሉት።

የእንስሳት ጤና ባለሙያ፣ ደቡብ ወሎ፦

ስለ ሕጉ ያሉት ትክክል ነው፤ ጠያቂውም በብርቱ ሊያስቡበት ይገባል። ቀን ማሰርንም ጨርሶ አልቃወምም፤ ጥላና ውኃ ባለበት፣ መንገዱ በማይታይበት በጓሮ በኩል፣ ጠዋትና ማታ በገመድ ካንሸራሸሩት በኋላ ከሆነ ጉዳት የለውም። በር ሥር አስሮ መኪና ሲቆጥር እንዲውል ማድረግ ግን በሽታውን መመገብ ነው። አባቶቻችን ቀን ያስሩት የነበረው ውሻ ደግሞ በበሩ ላይ ይህን ያህል ባጃጅ አያልፍበትም ነበር።

የሆጤዋ እናት፦

ወንዶቹ ስለ ገመድና ስለ ሕግ ስትነጋገሩ በሩን ረሳችሁት። ውሻው የሚያመልጠው በበር ነው፤ በሩን የሚከፍቱት ደግሞ ልጆች ናቸው። ልጅ በር ከፍቶ ይሮጣል እንጂ አይዘጋም፤ መቆጣትም ዋጋ የለውም።

እኛ ቤት ያደረግነው እንዲህ ነው። የአሮጌ መኪና ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ በረጅሙ ተቆርጦ፣ አንዱ ጫፉ በበሩ ፍሬም፣ ሌላው በግድግዳው ሚስማር ላይ ተወጥሮ ታሰረ፤ ልጅ ከፍቶ ሲለቀው በሩ በራሱ ተመልሶ ይዘጋል። ከዚያም ከበሩ ሁለት እርምጃ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ በወገብ ቁመት የእንጨትና የሽቦ መከለያ ተሠራ። አንዱ ሳይዘጋ ሌላው አይከፈትም፤ ይህን የስድስት ዓመት ልጄ ሳይቀር እንደ ጨዋታ ያዘው። መከለያው ላይ ስንደርስ ደግሞ ውሻው መቀመጥ አለበት። ሲቀመጥ እንከፍታለን፤ ብድግ ሲል እንዘጋለን። በሦስተኛው ቀን ማንም ሳይነግረው ይቀመጥ ጀመር።

አንድ ነገር ልጨምር። በእኛ ሰፈር ጎህ ሳይቀድ ለሱብሒ ሶላት ወደ መስጊድ የሚሄዱ አባቶች ያልፋሉ። የውሻ ለሃጭ ልብሳቸውን ከነካው ታጥበው ነው የሚሰግዱት፤ ስለዚህ ማታ የተፈታ ውሻ ከግቢ አለመውጣቱ የመኪና ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሌሊት ይፈታ ያሉት ወንድም ይህንንም ያስቡበት።

የገራዶ መንገድ (ደሴ)፦

ሰባት ሳምንት ሆኖኛል፤ ዝምታዬ ውለታ ከመርሳት እንዳይቆጠርብኝ የሆነውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የሠራሁት የሆጤዋን እኅታችንን መከለያ ነው፤ የግማሽ ቀን ሥራ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ያመለጠው አንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ እርሱም የከሰል ማዳበሪያ ይዞ የገባ ሰው ሁለቱንም በር ከፍቶ በመቆሙ ነው። ያን ቀን ውሻው ሲመለስ እጄ ወደ አርጩሜው ሄዶ ነበር፤ መልሼ ሰበሰብኩትና አጎረስኩት። ጎረቤቶቼ አብደሃል እንዳሉኝ ከፊታቸው አነበብኩ።

ፉጨቱን በአንድ ሳምንት ለመደው። ገመዱ ግን ዋጋ አስከፍሎኛል፤ ጓንት አድርጉ የተባለውን ቸል ብዬ በመጀመሪያው ቀን መዳፌ ተላጠ። ርቀቱን ከጎረቤቴ የገብስ ማሳ ራስ ላይ ሆኜ ጀመርኩ፤ ወደ 60 እርምጃ ይሆናል። ሳንባውን የሚሸጥልኝ ሥጋ ሻጭ አሁን ሳልጠይቀው ይቋጥርልኛል። ሚኒባስና አይሱዙ በ15 እርምጃ ላይ ሲያልፉ መከታ ያያቸዋል፣ ጆሮው ይነሳል፣ ከዚያም ራሱ ዞሮ ፊቴን ያያል። ይህችን ዞር ማለቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁ ዕለት ገመዱን ጥዬ ላቅፈው ምንም አልቀረኝም ነበር። ባጃጅም እየተሻለ ነው፤ የሰፈሩ ሾፌሮች በሬ ላይ ሲደርሱ ቀስ ይላሉ፣ አንዱማ ቆሞ በእጁ ሥጋ አጉርሶታል።

የቀረኝ ሞተር ሳይክል ነው። በ40 እርምጃም ቢሆን ድምፁን ገና ሲሰማ ይደርቃል፤ ሥጋውን አፉ ውስጥ ባስገባለት እንኳ ይተፋዋል። አንድ የሰፈራችን ልጅ ሞተሩን ይዞ ሊያግዘኝ ፈቃደኛ ነው፤ ከየት ልጀምር?

የእንስሳት ጤና ባለሙያ፣ ደቡብ ወሎ፦

ድምፁንና እንቅስቃሴውን ለያዩት። በመጀመሪያው ሳምንት ሞተሩ ሳይነሳ፣ ልጁ በእጁ እየገፋው በ40 እርምጃ ላይ ወዲያና ወዲህ ይበል። ለብቻው ደግሞ ሞተሩ በቆመበት ተነሥቶ ይጩኽ፤ እናንተ ሥጋ መቀበል እስኪጀምር ድረስ ራቁ፤ 100 እርምጃም ቢሆን አይክበዳችሁ። ሁለቱን ለየብቻ ከታገሠ በኋላ ነው ልጁ በመጀመሪያ ማርሽ፣ ነዳጅ ሳይጨምር፣ ከውሻው እየራቀ ሳይሆን በጎኑ እያለፈ የሚነዳው። ልጁ ኮፍያና የፊት መሸፈኛ የሚያደርግ ከሆነ ውሻው ልጁን ያለ እነርሱም አስቀድሞ ይየውና ያሽትተው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ገመዱ ከእጅዎ አይለይ፤ ጓንቱም።